በረከት፣ ሁለት

ከቅዳሜ ገበያ እስከዚህ ድረስ የተገኘው ባጃጅ ብቻ፤
ግማሽ ፊቱ ወርዶ፣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ እንደ ባዶ ስልቻ።
"ደህና ሆኖ ያየሽው በስንት ሰዓት ነበር?" ከስሙ አስቀድሜ
እህቱን ጠየቅኋት። "አዛናው ይባላል" አለችኝ፣ "ወንድሜ፣
የናቴ ልጅ፣ ወንድሜ።"
ሰዓቱን፣ እንጉዳይ። ሰዓቱን ንገሪኝ።
"ጤፍ እየሰፈረ ቁናው ከእጁ ወድቆ መሬት ሲበተን፣
ዝም ብሎ አየው፤ የሌላ ሰው ጤፍ ይመስል። ያኔ ሦስት ሰዓት ይሆን?"

ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ደም አልፈሰሰም፣ አንድ መንገድ ግን ተዘግቷል፤
ሐኪሙ ጽፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ለኔ ተትቷል።

እንዲህ ላለ ሌሊት ማንም ግጥም አይገጥምም፤
የሚገጠም ነገር ያለውም አይመስልም፦
ራስጌውን ከፍ ማድረግ፣ ሠላሳ ዲግሪ ያህል፤
በደከመው ክንድ ስር አንድ ትራስ መጠቅለል፤
በየሩብ ሰዓቱ ግፊቱን፣ ከዚያ ስኳሩን፣ ትኩሳቱን፤
መብራት ሲጠፋ ደግሞ በስልኬ ባትሪ የዓይኑን ብሌን፤
ውሃ የለም፣ ከጀሪካን ቀድቶ ማጠብ፤
በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፤ ተረከዙ ቀልቶ እንደሆነ ማየት፤
የተለማማጇን እጅ መያዝ፦ "በብብቱ አትሳቢው፣ ትከሻው ይወልቃል፤
ሰው ነው፣ ጆንያ አይደለም፤ ባይናገርም ይሰማል።"

እንጉዳይ በሃይላንድ ጠበል ይዛ መጣች፤
"ከንፈሩ ደረቀ፣ በሞቴ፣ አንድ ጉንጭ" ብላ ለመነች።
እኔም የልደታ ልጅ ነኝ፤ ጠበል መናቅ አልተማርኩም፣
መዋጥ የረሳ ጉሮሮ ግን ጠበል ከኩሬ አይለይም፤
ወደ ሳንባው ይሰደዋል። "ገና ነው" አልኳት።
ተቀየመችኝ። ጀርባዋን ሰጠችኝ።
ከዚያው ከጠበሉ ጥጥ ነክሬ ከንፈሩን አበስኩት፣
ግንባሩንም ቀባሁት።
ያን አይታ ወንበሯን አስጠጋች፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም።

ሁለተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ቀን፤ ቃል የለም።
በሻይ ማንኪያ ውሃ ሞከርኩት፣ አሳለው፤ በማግስቱ ግን አላሳለውም።
እንባው ይመጣል፤ ግራ እጁ አልጋውን ይደበድባል፤
የፈለገው ስም ሲጠፋበት፣ በር ላይ ቆሞ
ቁልፉን በየኪሱ የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

አራተኛው ሌሊት። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣
የአዘዞ መንገድ ጸጥ ብሎ፣ ውሻውም አርፎ፣
ተለማማጇ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፣ አንሶላውን ይዘን፣
"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለን ልናዞረው ተዘጋጅተን፣
"አንድ" ስል ግንባሩ ተኮማተረ፤ ግራ እጁ እጄን ያዘው።
"አንድ" አልኩ ደግሜ።
"በ..." አለ።
"በረ..." ጉሮሮው እንደ ዛገ ማጠፊያ ጮኸ።
"በረከት።"

አንሶላው ከእጃችን ወደቀ።
እንጉዳይ በእንቅልፍ ልቧ ሳቀች፣ አለቀሰችም፦
"ወንድሜኮ ሲሰፍር የመጀመሪያውን ቁና አንድ አይልም!
በረከት ነው የሚለው፤ ካባታችን የወረሰው።
አራት ሌሊት ሙሉ ቁጥሩን ስታፈርሱበት ነው የጨነቀው።"

ከዚያ ወዲህ በዚህ ክፍል እንደሱ ነው የምንቆጥር፤
በረከት ብለን ከፍ፣ ሁለት ብለን ዞር።
በረከት፣ የአጃ ሾርባ፤ ሁለት፣ አገጭህን ዝቅ፣ ዋጥ።
በረከት፣ አውራ ጣት። ሁለት፣ ጠቋሚው... እሱ ገና ነው፤
ሦስት ላይ መቼ እንደምንደርስ እኔም አላውቀው።

ስሜን አይጠራም። ውሃ ሲጠማው በረከት፣ ሲያመው በረከት፣
እህቱ ስትዘገይ፣ ዓይኑ በሩ ላይ፣ በረከት፣
ሐኪሙ "ስምህ ማነው?" ሲለው፣ ቀጥ ብሎ፣ በረከት።

ፈረቃዬ አልቆ መዝገቡን ሞላሁ፦
"ንግግር፦ አንድ ቃል።"
እስክሪብቶዬን ኪሴ ከትቼ በሩ ድረስ ሄድኩ፤
ተመልሼ "አንድ" የሚለውን ሰረዝኩ።